ሐይቅ ዳር ልትሠሪው ያሰብሽው መንደር

ልጄ፣ የላክሽልኝን ጽሑፍና ንድፍ ደጋግሜ አየሁት። ከጓደኞችሽ ጋር አዲስ አበባን ትታችሁ እዚህ ሐይቅ ከተማ ጥግ መሬት ልትይዙ አስባችኋል። ሠዓሊው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሙዚቀኛውና ጸሐፊው በአንድ ግቢ የሚኖሩበት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እምነቱን ገና የሚፈልገውም «የማን ወገን ነህ?» ሳይባል የሚቀመጥበት ትንሽ መንደር። መሀሉ ላይም ለሁሉም የሚሆን አንድ ክብ የጸሎት ቤት አኑረሻል። እናትሽ ሥራሽን ልትለቂ መሆኑ አስጨንቋት ደውላልኛለች፤ «አንተ ንገራት፣ አንተን ትሰማለች» ብላ። እኔ ግን ተይው ልልሽ አልጻፍኩም። ሰው በአንቺ ዕድሜ ከራሱ ቤት አልፎ ስለ ሰፈር ሲያስብ ደስ ይለኛል።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ የምነግርሽም ሁሉ ከእሱ የሚመነጭ ነው። ንድፍሽ ላይ ሐይቅ ከተማ የለችም። ውሃው አለ፣ ተራራው አለ፣ የእናንተ ግቢ አለ። ገበያው የለም፤ መስጊዱ የለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ የለም፤ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ የለም፤ ቅሬው፣ ዕድሩ ማለቴ ነው፣ የለም። ባዶ ቦታ ላይ ነው የሣልሽው። ልጄ፣ ወሎ ውስጥ ባዶ ቦታ የለም። ልትፈጥሪው የምታስቢው ነገር፣ ጥበብና ልዩ ልዩ እምነት በአንድ ትንሽ ከተማ አብረው ማደራቸው፣ እዚህ ስንት ትውልድ የለፋበት ነው። ካንቺ የሚጠበቀው መግባት ነው፤ ገብቶም እንደ ማንኛውም ጎረቤት የድርሻን ዕዳ መሸከም።

ከጥበቡ ልነሣ፤ አንቺም የተነሣሽው ከዚያ ነውና።

የቅኔ ቤቶች ሲቆጠሩ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የእኛው ዋድላ ይጠራል። አንድ የቅኔ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር ይመጣል። ቀን ዱር ገብቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፣ ያቃናል፣ ካልሆነም ይጥልበታል። ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም፤ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው እስከ መወድስ ሲደርስ ዓመታት ያልፋሉ። በእነዚያ ዓመታት ማን አበላው? ፊደል ያልቆጠረች የገበሬ ሚስት ናት ያበላችው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጇ ሲቆም ውሻዋን ገሥጻ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ግእዙን አትሰማውም፤ ቅኔው ግን በእርሷ እንጀራ ላይ ቆሟል።

በሌላው ወገን ደግሞ ደረሳው አለ። እርሱም ኪታቡን ይዞ ከሼህ ወደ ሼህ ይሄዳል፤ ነሕዉን፣ ሰዋስዉን፣ አንዱ ጋ፣ ፊቅሁን፣ ሕጉን፣ ሌላው ጋ ይማራል። የመንደሩ ሰው ያሳድረዋል፣ ያበላዋል። በዚህ ዓይነት ቦታ ያደገው የወሎ መንዙማ ዛሬ በአማርኛ ካሉን የግጥም ሀብቶች ታላቁ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሼህ ሁሴን ጅብሪል የትንቢት ግጥሞችም የሙስሊሙ ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ ክርስቲያኑ ገበሬ በቃሉ ይዟቸው ክፉ ዘመን በመጣ ቁጥር እያነሣ ይተረጉማቸዋል። የሙዚቃችንን አራት ቅኝቶችም አስቢ። ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚጠሩት ሁለቱ ባቲና አምባሰል የአገራችን የቦታ ስሞች ናቸው። ባቲ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ናት። «የጥበብ መንደር ልሥራ» ብሎ ያቋቋማት ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ጥበብ አጥር አልነበረውም። መንደሩ ባለ ጥበቡን ይመግባል፤ ባለ ጥበቡም የመንደሩን ቀን ይሸከማል። ቅኔው በንግሡና በለቅሶው ይባላል፤ መንዙማው በመውሊዱ ይወጣል። የእናንተን ጥበብስ ይህ ከተማ በየትኛው ቀኑ ይፈልገዋል? ጽሑፍሽ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ስለሚመጣ እንግዳ፣ ስለ ዐውደ ርእይና ስለ ኮንሰርት በሰፊው ይናገራል። የሐይቅን ሰው እዚያ ውስጥ ያገኘሁት ምግብ አብሳይና ጥበቃ ሆኖ ብቻ ነው። ይህን ሳታስተካክዪ ወደ ሌላው አትለፊ። ሠዓሊው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ይሥራ። ሙዚቀኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ክራር ያስተምር፤ የሚማሩት ልጆች የማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ። ጸሐፊው ሽማግሌዎቹ በቃላቸው የያዙትን አብረዋቸው ሳይቀበር ይጻፍ፤ የጻፈውንም አንድ ቅጂ እዚሁ ትምህርት ቤት ያስቀምጥ፤ ሁሉንም ይዞ አዲስ አበባ እንዳይገባ።

አሁን ወደ ጸሎት ቤቱ። ክቡን ቤት አፍርሺው። ወረቀት ላይ እያለ ማፍረስ ቀላል ነው።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ኦርቶዶክሱ ክብ ቤት ሲያይ ታቦቱን ይፈልጋል፤ ታቦት ከሌለው ቤተ ክርስቲያን አይሆንለትም። ሙስሊሙ ውዱእ የሚያደርግበትን ውሃና የቂብላውን አቅጣጫ ይጠይቃል። ፕሮቴስታንቱ የራሱ ጉባኤ አለው። ለሁሉም ተብሎ የተሠራው ቤት እምነቱ የጸናውን ሰው በሙሉ ደጅ ያስቀርና ከየቤቱ ለወጣው ብቻ ይሆናል። ያ ደግሞ አንድ አዲስ ሃይማኖት ነው፤ ነባሮቹን ያቀፈ ቤት አይደለም። ሰው ያን የማቋቋም መብት አለው። ካሰብሽው ግን ለከተማው ሰው በግልጽ ንገሪ፤ «ሁላችሁንም አቅፌያለሁ» ብለሽ ሳይጠይቁሽ አትቀፊያቸው።

የወሎን ድግስ ታውቂዋለሽ። ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ የሚያርድ ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፤ ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ሳህኑ ይለያል፤ ወጡም በሙስሊም ሴቶች እጅ ይሠራል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ከየአቅጣጫው የመጣው ሁሉ አንድ ዳስ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንዱን ሙሽራ ይመርቃል። በአንቺ ዘመን ያደጉ ልጆች ይህን ሲያዩ «መለያየት ነው፣ ለምን ከአንድ ድስት አንበላም?» ይሉኛል። እኔ እንዲህ አየዋለሁ፦ ለእኔ ብሎ ሌላ ድስት የጣደ ሰው እምነቴን አብሮኝ ጠብቆልኛል። ወጪም አወጣበት፣ ድካምም ደከመበት። «ሁላችንም አንድ ነን» ከሚለው ቃል ይልቅ ይህ ለእኔ ይከብዳል። ስለዚህ በክቡ ቤት ፋንታ ሁለት ማድ ቤት ያለው ሰፊ አዳራሽ ሥሪ። ለውዱእ የሚሆን ቧንቧ ከደጁ ይኑረው። የሚጸልይ ወደ መስጊዱም ወደ ደብሩም ይሂድ፤ ቅርብ ናቸው። ጸልዮ ሲመለስ አብሮ የሚቀመጥበት ቦታ ነው የጎደለው።

ይህን ስልሽ ወሎን በማር ለውሼ እንዳቀርብልሽ አትጠብቂ። ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትመጪ የምታልፊው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ያደረጉበት ነው። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። ሼህ ጦልሃን የመሳሰሉ አልቀበልም ብለው ተነሡ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ። በአንድ ቤት አንዱ ወንድም ተጠምቆ ሌላው ሳይጠመቅ ቀረ። እንግዲህ የዛሬው አብሮ መኖር ከዚያ ቁስል በኋላ የመጣ ነው። የክርስቲያን ስም ያለው ልጅ የእስላም ስም ባለው አያቱ መጠራቱን እንደ ጌጥ እናወራዋለን፤ ከሥሩ ግን ስንት ልቅሶ አለ። ሰዎቹ ማልደው ሲነሡ ወንድማማች መሆናቸው አልቀረም፤ የሚታረሰው መሬት ያው ነው፣ የሚቀበረው እናታቸው ያችው ናት። እንዴት አብረው እንደሚያርሱና እንደሚቀብሩ መላ መቱ። አዋጅም ጉባኤም አላስማማቸውም። ይህን ማወቅ የሚጠቅምሽ፣ እዚህ የምታገኚው ሰላም ሰው በየቀኑ የሚጠብቀው መሆኑን እንድትረጂ ነው። ዛሬም ከውጭም ከውስጥም የሚነካካው አለ። እናንተም መጥታችሁ በቸልታ ልትነኩት ትችላላችሁ።

መላው የት እንደተመታ ከፈለግሽ ቅሬውን ተመልከቺ። አዲስ አበባ ዕድር የምትሉት ነው። እዚህ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይገባል። መዋጮ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ድንኳንና ዕቃ አለ። ሰው ሲሞት ጥሪ ይነገራል፤ ሥራ የያዘ ሥራውን ይጥላል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ በዕለቱ መቀበር ስላለበት ክርስቲያኑ ነጠላውን ጥሎ ይሮጣል፤ ክርስቲያን ከሆነም ሙስሊሙ አስከሬኑን አጅቦ እስከ ደብሩ ይሄዳል። ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጀራ ያመጣሉ፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናሉ። የቀረ ይቀጣል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ዳኛው መንግሥት ቤት ሳይደርስ ይገላግላል። ከቅሬ የወጣ ሰው ወዮለት፤ ሲሞት ማን ያነሣዋል? በአሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች እንኳ በየሙያቸውና በየኑሯቸው ተበታትነው ሳለ ዕድር ማቋቋማቸውን ሳስብ፣ ሰው የትም ቢሄድ መጀመሪያ የሚፈራው ብቻውን መቀበርን እንደሆነ ይገባኛል።

ልጄ፣ ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ ልያዝ ብትዪኝ ይህን ያዢ፦ አንድ ድንጋይ ሳታስቀምጪ ቅሬ ግቢ። ጓደኞችሽም ይግቡ። እያንዳንዱ በስሙ ይመዝገብ፣ ወር በወር ይክፈል፣ ጥሪ ሲሰማ ሥዕሉን ጥሎ ይሂድ። አካፋ መያዝ የማያውቅ ወንድ ካለ ይማር። ሰው ስለ እምነታችሁ ይጠይቃችኋል፤ መጠየቁም አይቀርም። መቃብር ላይ አብሯችሁ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ጥያቄ ግን በሌላ ድምፅ ይመጣል። «ሥራችን አስቸኳይ ነው፣ ገንዘቡን እንክፈልና ሰው እንላክ» የምትሉ ከሆነ አትምጡ። ይህን የምለው ጨክኜ አይደለም፤ ከዚህ ውጭ በር ስለሌለ ነው።

አውራ አምባን ጠቅሰሽልኛል፤ ጥሩ አደረግሽ። ከባሕር ዳር ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ያለችው መንደር በ1964 ዓ.ም. ስትጀመር ዙምራ ኑሩና ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አልሠሩም፤ በአንድ ፈጣሪ እናምናለን፣ አምልኮታችን መልካም ሥራ ነው አሉ። ሴቷ ታርሳለች፣ ትሸምናለች፤ ወንዱ ይጋግራል፣ ይፈትላል። ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለአቅመ ደካማው ይሠራሉ። ያረጀ ሰው የሚጦርበት ቤት አላቸው። አምስት መቶ ያህል ሰው በዋናነት በሽመና ይኖራል። እኔ ለዚህ ሁሉ አክብሮት አለኝ፤ የሴቲቱን ድካም እንደዚያ ያየ ሌላ መንደር በአገራችን አላውቅም።

ግን ዋጋውንም እይ። ሁለቱንም የእምነት ቤት በመተዋቸው ከሁለቱም ወገን ጥርጣሬ መጣባቸው። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ጎረቤቶቻቸው ከሰሷቸው፤ ነፍሳቸውን ለማትረፍ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው ተይዞ ጠበቃቸው፤ የቀራቸው 17 ሄክታር ተኩል ነው። ወደ ሽመናው የገቡትም በአብዛኛው ለዚህ ነው፤ በዚያ መሬት ያን ያህል ሰው በእርሻ መኖር አይችልም። እነዚህ ሰዎች የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ ቋንቋውን፣ እርሻውን፣ ሰዉን ያውቁ ነበር፤ ያም ሆኖ ተባረሩ። በኋላ ወፍጮና ሱቅ ሠርተው ጎረቤቶቻቸው ለአገልግሎት ወደነሱ መምጣት ሲጀምሩ ነው ነገሩ የለዘበው። እናንተ ወፍጮውን መጀመሪያ ብታደርጉትስ? ለምሳሌ ሐይቅ ውስጥ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው የሚያጠኑበት መብራት ያለው ክፍል ያስፈልጋል። ከአዳራሹም ከመኖሪያ ቤቶቹም በፊት እሱ ይቁም።

ጓደኛሽ ሕንድ አገር ሄዶ ያያትን ኦሮቪልንም አንስታችኋል። ታሚል ናዱ ውስጥ በ1968 እ.ኤ.አ. ስትመሠረት ከ124 አገሮች አፈር መጥቶ በአንድ ዕቃ ተቀመጠ፤ የማንም ሃይማኖት ያልሆነ የዝምታ ቤት፣ ማትሪማንዲር፣ መሀል ላይ ተሠራ። ክቡን ቤት ከዚያ ሳታመጪው አልቀረሽም። ከተማዋ ለ50,000 ሰው ታቅዳ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሚኖሩባት ሦስት ሺህ ገደማ ናቸው። እኔን ከዚያች ከተማ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። መሬቱ ተሸርሽሮ ቀይ ገደል ሆኖ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከአካባቢው የታሚል ገበሬዎች ጋር እርከን ሠርተው ዛፍ ተክለው ደን አደረጉት። የእኛ ተራራስ ምን መሰለሽ? የወሎ ገበሬ በ1966 እና በ1977 ረሃብ የተቀጠፈበት ያ የተራቆተ ዳገት ዛሬም እርከን ይፈልጋል። በበጋው ሕዝቡ ለእርከን ሥራ ሲወጣ እናንተም ውጡ። መንፈሳዊነት በእጅ የሚሠራበት ከዚህ የበለጠ ቦታ አላውቅም።

ስለ መሬቱ በአጭሩ ልለፍ፤ ሕግ ነውና። ከገበሬ መሬት ገዛን ብትሉ የገዛችሁት ነገር የለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። «በጓሮ እንስማማ» የሚላችሁ ደላላ ነገ የገበሬው ልጅ ሲመጣ አይገኝም። የሻሸመኔዎቹን ራስተፈሪያኖች አስቢ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ጥቁር ሕዝብ የሰጡትን አምስት ጋሻ መሬት ብለው ባሕር ተሻግረው መጡ፤ ከወረቀት የከበረ የንጉሥ ቃል ነበራቸው። በ1967 መሬት የመንግሥት ሲሆን አብዛኛው ሄደ። የቀሩት የቆሙት ባገቧቸው፣ ባስተማሯቸውና አብረዋቸው በነገዱ ጎረቤቶች ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተማው ውስጥ ቤት ተከራዩ። ተበታትናችሁ ተከራዩ፤ አንዱ መስጊዱ ሰፈር፣ አንዱ ገበያው ሥር። አብራችሁ በአንድ ግቢ ካልሆናችሁ ሕልሙ የጠፋ ይመስላችኋል፤ አይጠፋም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ በጽሑፍሽ ፈልጌ ያጣሁት። «ሸክላ ሠሪዋ» ስትዪ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረችውን ጓደኛሽን ነው። እዚህ ገበያ ጀበናና ምጣድ የምትሸጠውን ሴትዮ አላየሁም። ልጄ፣ በአገራችን እጁ የሠራ ሰው እንዴት እንደተሰደበ ታውቂያለሽ። ብረት የቀጠቀጠውን፣ ቆዳ የፋቀውን፣ ሸማ የሠራውን፣ ሸክላ የተኮሰችውን «ቡዳ» ብለን ማዕድ ከለከልን፣ ጋብቻ ከለከልን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጁን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም። በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤላውያን ሸክላና ብረት ሠርተው አገሩን ሲያበሉት የኖሩት ስማቸው እየጎደፈ ነው። እንግዲህ ስለ እምነት ልዩነት ብቻ ስታስቢ ከሁሉ የጠለቀውን አጥር እንዳትዘልዪው። የከተማው ሰው ለእናንተ ለተማራችሁት «አርቲስት» ብሎ ወንበር ይስባል፤ ያችን ሴትዮ ግን ጫፍ ያስቀምጣታል። እሷን አስተማሪ አድርጋችሁ፣ የአስተማሪ ክፍያ ከፍላችሁ፣ ከፊት ወንበር ካስቀመጣችሁ ሥራችሁን ጀምራችኋል። የሚያጉረመርም ይኖራል። በዚህ ነገር አትለሳለሱ፤ በሌላው ሁሉ ከተማውን ስሙ፣ በዚህ ግን ከተማው እናንተን ይስማ።

ሌላም የሚፈትንሽ አለ። ልትሠሪ ካሰብሽው ቤት ደጅ የሚታየው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ መጽሐፍ ያስጻፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉትን ያስተማሩበት ነው። የሥዕልና የጽሕፈት ጥበብ ከወደድሽ ይህ ቦታ ወላጅሽ ነው። አንቺ ግን ሴት ነሽና አትገቢም። እኔ ገብቼ ያየሁትን አንቺ ከዳር ሆነሽ ትሰሚዋለሽ። ያናድድሻል፣ መናደድሽም ተገቢ ነው። የማጽናኛ ንግግር አላዘጋጀሁልሽም። ግን «ሁሉን ያቀፈ መንደር» ያልሽው አንቺን የማያቅፉትንም መነኮሳት ጎረቤት አድርጎ መያዝን ይጨምራል። እነሱ በሥርዓታቸው፣ አንቺ በሥራሽ፣ በአንድ ውሃ ዳር። የሚስማማሽን ብቻ ማቀፍ ቀላል ስለሆነ ማንም ያደርገዋል።

ስለ ገንዘብና ስለ ጠብ ብዙ አልልም፤ ዕቁብ የጣለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከመጀመሪያው ቀን መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። ማን ምን አዋጣ፣ የሚለቅ ሰው ምን ይዞ ይወጣል፣ ሒሳቡን ማን ይመረምራል፣ ስትጣሉ ማን ይሸመግላችኋል። ሸምጋዩ ከእናንተ መሀል አይሁን፤ የከተማው ሰው ይሁን፣ አንድ ከሙስሊሙ አንድ ከክርስቲያኑ። መሪያችሁ አንቺ ብቻ አትሁኚ። ሕልሙን ያመጣ ሰው ሕልሙ የኔ ነው ማለት ይቀናዋል፤ አንቺ ደግሞ በልጅነትሽም የጨዋታውን ሕግ የምታወጪው አንቺ ነበርሽ።

ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ነይ። ጓደኞችሽን ሁሉ አታምጪ፤ ሁለት ይበቃሉ፣ አንዱ ሙስሊሙ ልጅ ይሁን። በገበያ ቀን እንውጣና ሸክላ የምትሸጠውን ሴትዮ አስተዋውቅሻለሁ። ማታ የቅሬያችን ዳኛ ጋ እንሄዳለን፤ ስለ እናንተ ነግሬያቸዋለሁ፣ «ሠርተው የሚበሉ ናቸው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ መልሱን አንቺ ስጪያቸው። መስጊዱ አጠገብ ሁለት ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ ኪራዩን ጠይቄ እጽፍልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ለጓደኞችሽ አንብቢላቸው፤ በክቡ ቤት የማይስማማኝ ካለም ከመምጣታችሁ በፊት ክርክሩን ጽፎ ይላክልኝ፣ እመልስለታለሁ።